የሽማግሌው የምሥራች

ነርሷን እንደ እኚህ ሽማግሌ ያበሸቃት በሽተኛ የለም። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው አልጋቸው ላይ ይቀመጣሉ። የሚወስዱት ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ሆዳቸውን ስላደረቀባቸው፣ አዲስ የሆድ ድርቀት መድኃኒት እየተሞከረባቸው ነው።

ጠዋት ጠዋት «አባባ፣ ዛሬስ ሆድዎ እሺ አለ?» ስትላቸው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «እምቢ ብሏል ልጄ፤ እንደ በቅሎ ግትር ነው» ይሏታል። ፊቷ ይጠቁራል።

ዛሬ ግን ገና ሳትጠይቃቸው «የምሥራች! መድኃኒትሽ ሠራ!» አሏት። ደስ ሊላት ሲል ግንባራቸው በላብ መጠመቁን፣ ጥርሳቸውን መንከሳቸውን አየች። ጠርጥራ ትራሳቸውን ስታነሳ ያልዋጧቸው ማስታገሻዎች ከመሀረብ ቋጠሮ ተዘረገፉ።

«አባባ! ማስታገሻውን ከተዉትማ ሆድዎ በራሱ ይከፈታል! ሙከራውን እኮ ገደል ከተቱት!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ምን ላድርግ ልጄ? እምቢ አለ ባልኩሽ ቁጥር ፊትሽ ሲጠቁር ማየቱ ከሕመሙ ባሰብኝ።»