እማዬ የምግብ ክፍሉን ያሰናዳችበት ዓመት

በአኳራጅ የቀጠነ የዘይት ቀለም ሽታ ድንገት ባወደኝ ቁጥር፣ ሰበታ ወዳለው የልጅነት ቤታችን፣ እማዬ የምግብ ክፍሉን ወዳሰናዳችበት ዓመት ይመልሰኛል።

ያን ክረምት አባዬና ታላቅ ወንድሙ ተኳርፈው ነበር። አጎቴ ኦቦ ገመቹ ተፍኪ አካባቢ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ አባዬ ደግሞ ሰበታ ውስጥ አናጢ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ሰበታና ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ በየታክሲው ሲናፈስ፣ ከአጎቴ ማሳ አጠገብ ያለው መሬት በቆርቆሮ ታጠረና ፋብሪካ ሊሠራበት ነው ተባለ፤ አባዬም የፋብሪካውን በርና መስኮት ለመሥራት ተስማማ። አጎቴ ይህን ሰምተው፣ ዝናብ እየደበደባቸው መጥተው ደጃፋችን ላይ ቆሙና «ነገ አጥሩ ወደ እኔ ሲገፋም ምስማሩን የምትመታው አንተ ነህ?» ብለውት ሳይቀመጡ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ፣ ለትምህርት ብላ እኛ ጋ የምትኖረውን ልጃቸውን ጫልቱን እንኳ በሰው ያስጠሯት ነበር እንጂ ደጃችንን አይረግጡም ነበር።

እማዬ ለፋብሪካ ሥራ ከጨንቻ የመጣች የጋሞ ልጅ ስትሆን፣ ኩርፊያ የሚባል ነገር አትችልም ነበር። መስከረም ሲጠባ አባዬ እንጨት የሚያከማችበትን ክፍል አስለቅቃ «እዚህ ሁላችንም አብረን እንበላለን፤ ኦቦ ገመቹም ጭምር» አለች። አባዬ «ይፍረስ አይፍረስ በማይታወቅ ቤት ላይ ቀለም ምን ይሠራል?» እያለ ቢያጉረመርምም፣ ቀለሙን ገዝቶ የመጣው ራሱ ነበር። ግድግዳውን ነጭ ቀብተን፣ ደንበኛ አዞ ሳይወስደው የቀረውን ረጅም ጠረጴዛ አስገባን፤ ዙሪያውን ከተዘጋ ምግብ ቤት የተገዙ ሁለት የብረት ወንበሮች፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበርና አጎቴ ራሳቸው የጠረቡትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ደረደርን፤ መስኮቱ ላይም ከጨንቻ የተላከልንን ቀይና ቢጫ የዶርዜ ሽመና ሰቀልን። እኔና ጫልቱ ምኑም ከምኑ ስለማይመሳሰል አፈርን። ጎረቤታችን ባለ ሱቋ እትዬ ዘሃራ ግን ቀይ ምንጣፍ ተሸክመው መጥተው፣ ዙሪያውን ቃኝተው «ቀይ አንድ ቦታ ብቻ ሲሆን እንግዳ ይመስላል፤ ሦስት ቦታ ሲሆን ቤተኛ ይሆናል» አሉ። ምንጣፉን አነጠፉት፤ እማዬም የብረት ወንበሮቹን መቀመጫ ቀይ ጨርቅ አለበሰችው፤ ክፍሉም እውነትም ተስማማ። በርጩማው ለጠረጴዛው አጭር ስለነበር፣ አባዬ ማንም ሳይጠይቀው ዝቅ ያለች ትንሽ ገበታ ሠርቶለት ጥግ ላይ አስቀመጣት፤ ለማን እንደሆነች ግን አልተናገረም።

ኅዳር ላይ ተማሪው ማስተር ፕላኑን ለመቃወም መውጣት ጀመረ። ጎማ ይቃጠል፣ መንገድ ይዘጋ፣ ታክሲ ይጠፋ ስለነበር እማዬ ከፋብሪካ በእግሯ ትመለስ ነበር። ያ ሁሉ የተለፋበት ክፍል ተሰናድቶ ሳለ፣ ደጅ ላይ የሩጫ ኮቴ በሰማን ቁጥር እየተነሳን፣ ሳህናችንን በእጃችን ይዘን በመስኮት እያየን ቆመን እንበላ ነበር።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ጫልቱ ትምህርት ቤት ሄዳ ሳትመለስ ቀረች። ተኩስ ሰምተን ነበር። አባዬ መዶሻውን ጥሎ ሊፈልጋት ወጣ። ከሰዓት በኋላ አጎቴ የተኩሱን ወሬ ሰምተው ከተፍኪ በእግራቸው፣ አቧራ ለብሰው ደረሱና «ኢንተሊ ኮ ኤሳ ጂርቲ?» አሉ፤ ልጄ የት አለች ማለታቸው ነበር። እማዬ «ወንድምዎ እየፈለጋት ነው፤ ኦቦ ገመቹ፣ እባክዎ ይቀመጡ» ብላ ወደ አዲሱ ክፍል አስገባቻቸው። አልተቀመጡም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሱ ጀመር። አባዬ ብቻውን ሲገባ ሁለቱ ወንድማማቾች ቆመው ተያዩ።

«ታስራለች» አለ አባዬ። «ደህና ናት፤ ፖሊስ ጣቢያ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

ያኔ አጎቴ አረንጓዴው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። እማዬ ምግብ አቀረበች። አባዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋላቸው፤ አጎቴም እጁን አይተው አፋቸውን ከፈቱ።

ዘጠኝ ቀን እኛ ጋ ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ምሳ ዕቃ ይዘው ጣቢያው በር ላይ ይቆሙ፣ ሲመለሱም ስለዚያው መሬት ይከራከሩ ነበር። ጫልቱ የተፈታች ዕለት ከስታ ገባችና ያቀረብንላትን ሁሉ በልታ ስትጨርስ «ይሄ አግዳሚ ይጎረብጣል» ብላ ሳቀች፤ እማዬ አለቀሰች።

ኋላ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ የቆርቆሮው አጥር ግን አልተነሳም። አባዬ የጀመራቸውን በሮች ጨርሶ አስረከበ፣ ሌላ ሥራ ግን ከዚያ ፋብሪካ አልተቀበለም። አጎቴም ይቅር አልኩህ ሳይሉት፣ ገበያ በወጡ ቁጥር እኛ ጋ ይበሉ ነበር።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛዬና ስድስቱ ወንበሮች አንድ ላይ የተገዙ፣ ቀለማቸውም ቅርጻቸውም አንድ ዓይነት ነው። ባለቤቴ አምሽቶ ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን፣ ተረጋግቼ ተቀምጬ እበላለሁ። ያኔ በር ሲንኳኳ ማን ተወሰደብን ብለን እንደነግጥ ነበር፤ ዛሬ ሲንኳኳ ማን መጣልኝ ብዬ እነሳና፣ የተንኳኳው የጎረቤቴ በር ሆኖ አገኘዋለሁ።