የኮከብ ሠራተኛዋ የጀልባ ሽርሽር

ባንቺአየሁን ያወቅኋት በፋብሪካው የጥጥ ጥራጊ ክፍል ነው። አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን፣ ከማሽን ሥር የተጠረገውን ብናኝ እየለየን ጆንያ ውስጥ የምንጠቀጥቅ ጥቂት ሴቶች ነበርን። ባንቺአየሁ በአንድ ወቅት ፎቶግራፏ በፋብሪካው በር ላይ ተሰቅሎ የነበረ ኮከብ ሠራተኛ መሆኗን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እሷ ራሷ አፏን ለመክፈት ዓመት ያህል ወሰደባት። ከጀመረች በኋላ ግን ደጋግማ ነገረችኝ፤ እኔም እንደሰማሁት እናገራለሁ።

የዱርቤቴ ልጅ ናት። ባሏ ዳኘው ባሕር ዳር ሥራ ሲያገኝ ተከትላው መጣችና እሷም በፋብሪካው የሽመና ክፍል ተቀጠረች። ዳኘው ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲዘምት ልጃቸው አደይ ገና ጡት አልተወችም ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ ወሬ አልመጣም። ሞቷል ያላት የለም፤ አለ ያላትም የለም። ጥቁር ልልበስ ብትል እንኳ "ማን ሞተ ብሎሽ?" ብለው ተቆጧት።

በዚያ ጊዜ የደረሰችላት የሻሽወርቅ ናት። የሻሽወርቅ ከደሴ የመጣች፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጣት፣ እዚያው ሽመና ክፍል የምትሠራ፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ክፍል ተከራዩ። ፈረቃቸውን አለያይተው ይገቡ ስለነበር አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፤ ልጅቷን የሚረካከቡት ፋብሪካው በር ላይ ነው። አደይ ሁለቱንም "እማ" ትላቸው ነበር።

በሰባ ሦስት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባንቺአየሁ ኮከብ ሠራተኛ ተባለች። ሽልማቱ በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የሦስት ቀን ዕረፍት ነበር፤ ከዚያም ውስጥ አንዱን ምሽት በጀልባ መዝናናት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። በእግሯ ከምትደርስበት ሆቴል ምን ዕረፍት አለ? የሻሽወርቅ ግን ደስ አላት። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ "ሦስት ቀን እኔና አደይ ቤት እንውላለን፤ አንቺ ሂጂና እንደ እመቤት ተኚ" አለቻት። የክት ጫማዋንም አውጥታ አጫማቻት፤ ተረከዙ ከፍ ያለ ጥቁር ጫማ ነበር።

ባንቺአየሁ ሆቴሉ በገባችበት ምሽት አደይን አይቼ ልምጣ ብላ ብትወጣ ዘበኛው በሩ ላይ መለሳት።

"ጓድ አስናቀ ሳያውቅ አትወጪም።"

"ቤቴ እኮ እዚህ ነው፤ ልጄን አይቼ እመለሳለሁ።"

"ዕረፍት ላይ ነሽ አሉ። ዕርፍ በይ።"

አስናቀ የፋብሪካው ካድሬ ነው። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ያን ሌሊት ባንቺአየሁ እንቅልፍ እምቢ አላት። አልጋው ለስላሳ ነው፤ ከመስኮቱ ባሻገር ሐይቁ ይታያል፤ የፈረቃ መለወጫው ጥሩንባ ሲጮህ ግን ደንግጣ ተነሥታ ቁጭ አለች። የትም መሄድ አያስፈልጋትም ነበር፤ የትም መሄድም አትችልም ነበር።

በማግስቱ ዓርብ፣ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ወደ ጀልባው ወሰዷት። ፎቅ የሌለው፣ ጣሪያው ሸራ የሆነ የሞተር ጀልባ ነው። ማሽን ሊተክሉ የመጡ ሁለት የውጭ ባለሙያዎች ከነሚስቶቻቸው ተቀምጠዋል። ከፋብሪካው አስተዳደር ጥቂት ሰዎች አሉ፤ አንድ ፎቶ አንሺም አለ። ጀልባውን የሚነዱት ጋሼ ደሞዝ የሚባሉ ሰው ናቸው። ነጭ ኮት የለበሰ አስተናጋጅ ጂን ከብርቱካን ጭማቂ ጋር እየቀላቀለ፣ ብርጭቆው አፍ ላይ የሎሚ ቁራጭ እየሰካ ያድላል። ኮክቴል ነው አሏት። ከጠላና ከጠጅ ሌላ ቀምሳ አታውቅም። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፎቶ አንሺው "ሳቅ በይ" ሲላት ሳቀች።

ከተማው እያነሰ ሄደ። የዘጌ ደን በስተምዕራብ ጠቁሮ ይታያል። የክብራን ደሴት ሲቀርብ ጋሼ ደሞዝ ሞተሩን አጠፉ፤ እንግዶቹ የፀሐይዋን መጥለቅ በጸጥታ እንዲያዩ ታስቦ ነው። ውሃው ከብርቱካን ወደ ቀይ ተለወጠ። ከውጭ አገር ሴቶቹ አንዷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች። ባንቺአየሁም ለአንድ አፍታ ደስ ብሏት ነበር፤ "ምነው አደይ ባየችው" ብዬ ነበር ትላለች።

አስናቀ መጥቶ አጠገቧ የተቀመጠው ያኔ ነው።

"እንዴት ነው ዕረፍቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስ… ደህና ነው፣ ጓድ።"

"ነገ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ። አንቺ ትናገሪያለሽ።"

"ስለ ምን እናገራለሁ?"

"ባለፈው ሳምንት ስለተሰበሩት ማሽኖች። የሻሽወርቅ ብረት ስትጥልባቸው አይተሻል።"

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ማሽኖቹ ያረጁ ናቸው፤ የሚሰበሩት በየጊዜው ነው፤ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

"እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።"

"ጎረቤቷ ነሽ። ኮከብ ሠራተኛ ነሽ። አንቺ ካልሽ ሰው ያምናል።" ብርጭቆውን ከብርጭቆዋ ጋር አጋጨ። "ኮከብ የሚኮነው በከንቱ ይመስልሻል?"

"እሷ ላይ እንዲህ አልልም፣ ጓድ አስናቀ። እርስዎም ያውቋታል።"

"ብትዪም ባትዪም እሷ ዛሬ ከምሳ በኋላ ተይዛለች" አለ፣ ፀሐይዋን እያየ።

ባንቺአየሁ መጀመሪያ የታያት የሻሽወርቅ አይደለችም። አደይ ናት። አከራያቸው እትዬ እሌኒ ለለቅሶ መሸንቲ ሄደዋል። ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው የለም። በግቢው መካከል አፉ በቆርቆሮ ብቻ የተከደነ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ አደይ ደግሞ ቆርቆሮውን እየገፋች ጠጠር መወርወር ትወዳለች።

"ልጄስ?" አለች። "ልጄ ከእሷ ጋር ናት እኮ! ልጄን ማን ያዛት?"

"እኔ ስለ ልጅ አላውቅም። ሰው አይጠፋም።"

"ይመልሱኝ። ጀልባው ይመለስ፣ በእግዚአብሔር!"

"ቀስ በይ። እንግዳ አለ።"

ብድግ ብላ ወደ ጋሼ ደሞዝ ሄደች። "ጋሼ፣ ልጄ ብቻዋን ናት፤ ይመልሱኝ" አለቻቸው። ሰውየው ፊቷን አይተው አዘኑ፤ ከትከሻዋ በላይ አሻግረው አስናቀን አዩትና ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ። "እኔ ታዛዥ ነኝ፣ እኅቴ" አሉ።

ትንሽ ጀልባ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቂት እርምጃ። ዙሪያዋን ውሃ ነው። ዋና አታውቅም። እንግዶቹ ይስቃሉ፤ አስተናጋጁ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በሳህን ያዞራል። ተመልሳ አስናቀ ፊት ቆመችና "እሺ" አለች።

"ምን እሺ?"

"እናገራለሁ። ያሉኝን እላለሁ። ጀልባውን ያዙሩልኝ።"

"ጎበዝ። በይ እንግዶቹ ይቺን ፀሐይ አይተው ይጥገቡ፤ ከዚያ ተመልሰን እንሄዳለን።"

"እሺ ብያለሁ እኮ!"

"ሰምቻለሁ" አለና ብርጭቆውን እንዲሞላለት አስተናጋጁን ጠራ።

ቃሏን ሰጥታ በምትኩ ምንም ሳታገኝ እዚያው ቀረች።

በዚህ መካከል ከዘጌ በኩል ከደንገል ሣር የታሰረ አንድ ታንኳ መጣ። ቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ እንጨት የጫኑ ሽማግሌ ይቀዝፉታል። እንግዶቹ ታንኳውን ሲያዩ ለፎቶ ተነሥተው ጠሯቸው፤ ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ጠጋ አሉ። ባንቺአየሁ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች።

"አባ፣ ከተማ ያድርሱኝ፤ ልጄ ብቻዋን ናት!"

"በዚህ? እንጨት ተጭኖበታል፣ ልጄ። ሞተር ላይ ሆነሽ?"

"በሚወዷት በእመቤታችን!"

ሽማግሌው ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ሁለት እስር እንጨት አንሥተው ውሃው ላይ ጣሉና ቦታ አበጁላት። አስናቀ "ምን ልታደርጊ ነው?" ብሎ ሲነሣ አንድ እግሯ ታንኳው ላይ ነበር። ታንኳው አረገደ፤ በጉልበቷ ወደቀች። እንግዶቹ ለእነሱ የተዘጋጀ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። ፎቶ አንሺው አነሣ። አስናቀ የተዘረጋ እጁን ሰብስቦ እሱም አብሮ ማጨብጨብ ጀመረ። "ነገ!" አላት በፈገግታ።

የታንኳ መንገድ ሩቅ ነው። ውሃው በደንገሉ መካከል እየሰረገ ቀሚሷን አራሰው። መነሣት አትችል፣ መቅዘፍ አትችል፤ ሽማግሌው "አትነቃነቂ፣ ትገለብጪናለሽ" እያሏት ድንጋይ ሆና ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ከኋላ መጣና መብራቱን አብርቶ አለፋቸው። ማዕበሉ ታንኳውን ሲያንገላታው ሽማግሌው "ጊዮርጊስ!" አሉ። ጀልባው ቀድሟት ሊገባ ነው። በዚያ ብቆይ ኖሮ አሁን ደርሼ ነበር ብላ አሰበችና ራሷን ረገመች፤ እንዲያም ሆኖ ልመለስ አላለችም።

ሽማግሌው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ዳርቻ አወረዷት። ስማቸውን እንኳ የጠየቀቻቸው ከወረደች በኋላ ነው፤ ገብረ መስቀል ነው ያሏት። ሮጠች። ግቢው በር ገርበብ ብሏል። ክፍሉ ባዶ ነው። "አደይ! አደይ!" ብላ ጮኸች። ቆርቆሮውን ገፍታ ጉድጓዱ ላይ ተደፋች፤ ጨለማ ነው፤ የራሷ ድምፅ ብቻ ተመለሰላት።

ከአጥር ማዶ ያለች ጎረቤት ሰማቻት። "ባንቺ! ኧረ ልጅሽ አለች! የሻሽወርቅ አዝላት ሄደች። አብዮት ጥበቃዎቹ 'ተያትና ውጪ' ቢሏት 'እናቷ ሳትመጣ ለማን ልተዋት?' ብላ አዘለቻት። ቀበሌ ናቸው።"

ቀበሌው እስር ቤት በር ላይ ያለው ጠባቂ ልጄን ልውሰድ ስትለው አልከለከላትም፤ የምታለቅስ ልጅ ሲሰማ ውሎ ሰልችቶታል። በሩን ከፈት አድርጎ የሻሽወርቅን ጠራት። የሻሽወርቅ አደይን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋት ወጣች። ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷታል።

"በልታለች" አለች የሻሽወርቅ። "አንድ እስረኛ ዳቦ ሰጣት። ለምን ረጠብሽ?"

"የሻሽዬ፣ በአንቺ ላይ እንድመሰክር ነው የሚፈልጉት።"

"እና ምን አልሻቸው?"

"እሺ አልኋቸው።"

የሻሽወርቅ ልጅቷን አሻግራ ሰጠቻት፤ የነጠላውን ጫፍ እግሯ ላይ አስተካከለችላት። "በይ ይዘሻት ሂጂ፤ ብርድ ይመታታል" አለችና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ባንቺአየሁ ገበያ ወረደች። ከዱርቤቴ በርበሬ ልትሸጥ የመጣች አገርነሽ የምትባል አብሮ አደጓ ነበረች። አደይን ከትንሽ ጥቅል ልብስ ጋር አስረከበቻትና "ለእናቴ ስጪልኝ" አለቻት።

"እስከ መቼ?"

"አላውቅም።"

አገርነሽ ፊቷን አይታ ሌላ አልጠየቀችም። አደይ መኪናው ሲነሣ አላለቀሰችም፤ መስኮቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ሰው ታይ ነበር። ያ ነው ባንቺአየሁን ከሁሉም በላይ ያስለቀሳት።

ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው አዳራሽ ሞላ። አስናቀ ኮከብ ሠራተኛዋን ጠራ፤ ተጨበጨበ። መድረክ ላይ ወጥታ ቆመች።

"ትናንት ጀልባ ላይ እናገራለሁ ብዬ ነበር" አለች። "እሺ ያልሁት ጀልባው እንዲመለስልኝ ነው። የሻሽወርቅ ማሽን ላይ ብረት ስትጥል አላየሁም። ማሽኖቹ አርጅተዋል። ሌላ የማውቀው የለኝም።"

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ማጨብጨብ ጀመሩና ብቻቸውን መሆናቸውን ሲያውቁ አቆሙ። አስናቀ ድምፁን ሳያነሣ "ተቀመጪ" አላት። ከአዳራሹ ስትወጣ በሩ ላይ ጠብቀው ያዟት።

ጥቂት ሳምንታት ታሰረች። የሻሽወርቅ የነበረችበት ክፍል ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ እሷን ግን ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋታል። ስትፈታ ፎቶግራፏ ከበሩ ላይ ወርዷል፤ ከሽመና ወደ ጥራጊ ክፍል ተዛውራለች። ከከተማ እንዳትወጣ፣ በየሳምንቱ ቀበሌ እየቀረበች እንድትፈርም ተነገራት። ዱርቤቴ በመኪና ብዙ ሩቅ አይደለም፤ ልጇን ግን እናቷ ይዘውላት ካልመጡ በቀር ማየት አልቻለችም። ምሽት ምሽት በሐይቁ ዳር ሰዎች ሲዝናኑ እሷ በዚያ መንገድ አታልፍም ነበር። አስናቀ በኋላ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ ምን እንደሆነ አልሰማንም።

የሻሽወርቅ የተፈታችው ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ነው። ለምን እንደታሰረች የነገራት የለም፤ ለምን እንደተፈታችም። ፋብሪካው አልመለሳትም። ያን ሰሞን ባንቺአየሁ ፊርማው ቀርቶላት አደይን ከዱርቤቴ አምጥታ ነበር። የሻሽወርቅ ግቢው በር ላይ ስትቆም ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ከስታለች። አደይ አይታት ሸሸችና ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች።

"ነይ ሳሚያት፤ እማ ናት እኮ" አለች ባንቺአየሁ፣ እጇን እየጎተተች።

"ተያት፣ አትጎትቻት" አለች የሻሽወርቅ። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ "እኔ እንደሆን የትም አልሄድም" አለች።