ውሃው ለምን ይሞቃል?

ኣደይ ኣሰለፈችን ዓይደር ሰፈር ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ እያጠቡ ነው የኖሩት። ባል ሞተባቸው፣ ሴት ልጅ አሳደጉ፣ ሁሉንም በሁለት እጃቸው። እና እኚህ ሴትዮ ሰው አያምኑም በቃ! ሳሙና ራሱ አሽትተው ነው የሚገዙት። ሸሚዝ ሲቀበሉ ቁልፉን ይቆጥራሉ፤ "ኋላ ጠፋ እንዳትለኝ" እያሉ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ውሃ ያለው የራሳቸው ቤት። በጀሪካን ሲሸከሙ ወገባቸው አልቋላ!

አምና ኣስመላሽ የሚባል ሰውዬ ዓይናለም ላይ ቦታ ሊሸጥላቸው መጣ። መሬት ስለማይሸጥ ወረቀቱ "ቤት" ነው የሚለው፤ ቤት የተባለችው ደሞ አንዲት የብሎኬት ክፍል ናት። ኣደይ ቀብድ ከፈሉ፣ ግን ውሉ ላይ አንድ ነገር አስጻፉ፦ "ሻጭ እስከ ጥር ሠላሳ የመስመር ውሃ ካላስገባ ውሉ ይፈርሳል፣ ቀብዱም ይመለሳል።" የጻፉት የሰፈሩ ሽማግሌ ኣቦይ ገብረተንሳኤ ናቸው።

"ምን ያጠራጥርሻል? ዓይናለም እኮ በጉድጓድ ውሃው ከተማውን የሚያጠጣ ነው!" ብለው ሳቁባቸው።

"ከተማውን ነዋ የሚያጠጣው" አሉ ኣደይ።

ጥር ሠላሳ ከሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ኣስመላሽ ደወለ። ውሃ ገባ! ኣደይ ኣቦይን ይዘው ሄዱ። እውነትም ውሃው ከቧንቧው ይወርዳል፣ ሽርርር! ኣቦይ መረቁ። ኣስመላሽ ውሃ መግባቱን የሚፈርሙበት አዲስ ወረቀት ዘረጋ። ኣደይ ግን እጃቸውን ቧንቧው ስር አደረጉ።

"ለምንድነው የሚሞቀው?"

"ፀሐይ ነዋ ኣደይ፣ ቧንቧውን መታው።"

"እሺ። የሞቀው ይፍሰስና ቀዝቃዛው ይምጣ።"

ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ የነካ እጅ እኮ ነው! ከመሬት ስር የሚመጣ ውሃ ትንሽ ሲፈስ ይቀዘቅዛል፤ ይሄ ስድስት ጀሪካን ሞልቶም ያው ሙቅ ነው። ጀሪካኑ ከየት መጣ አትሉም? ውሃ መጣ ሲባል ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷላ! ኣስመላሽ ላብ በላብ ሆነ።

"ኣደይ በእናትዎ ይዝጉት፣ ውሃ ማባከን ሓጢኣት ነው!"

"ማን አባከነ? ህዝብ እየቀዳ! አንተን ምን አስጨነቀህ፣ መስመር ያልቃል እንዴ?"

ሃያ ሦስተኛው ጀሪካን ላይ ቧንቧው ፉሽሽ አለ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዛ ጸጥ። ኣደይ ተነስተው ከቧንቧው የተቀጠለውን ጎማ እየተከተሉ ሄዱ። ከጎረቤት አጥር ጀርባ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር የውሃ ሮቶ!

"ቆጣሪው ሊደርሰኝ ነው ኣደይ፣ አንድ ወር ብቻ ይታገሱኝ" አለ ኣስመላሽ አንገቱን ደፍቶ።

"እሱን ብትነግረኝ ኖሮ እታገስህ ነበር።"

ኣቦይ ተናደው ውሉን ሊቀዱት ያዙት።

"ዋይ ኣቦይ! እንዳይቀዱት! የኔ ተቀዶ የሱ ኮፒ ደህና ከሆነ ማን ያምነኛል?"

ኣስመላሽ ቀብዱን እዛው በስልክ ላከ፤ ኣደይ ልጃቸው ጋ ደውለው መግባቱን አረጋገጡ። ከዛ ሁለቱም ኮፒ ጀርባ ላይ ኣቦይ "ውሃ ስላልገባ ውሉ ፈርሷል" ብለው ጻፉ። ኣስመላሽ ፈረመ። ኣደይ ግን ወረቀቱን ጀሪካን ለያዘች አንዲት ሴት ሰጥተው ጮክ ብላ እንድታነብላቸው አደረጉ። ቀጥለው ደሞ ራቅ ብላ ለቆመች ሌላ ሴት ሰጡ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሲያነቡ ነው በጣታቸው የፈረሙት።