ከፊደሉ ሥር ያለው ስም

የሥዕል መምህሩ ያንተ ስም ነው ብሎ የራሱን ስም ስድስት ዓመት በእጄ አስጻፈኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላ ጌጥ የለውም።

ዛሬም ኖራ ሲበጠበጥ ከሸተተኝ መንገድ እቀይራለሁ። በልጅነቴ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ለአንድ ግንበኛ ኖራ እበጠብጥ ነበር። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ፣ ተማሪ ሳይገባ፣ ክረምቱ ያጠበውን የትምህርት ቤት ግድግዳ እናድሳለን። ግንበኛው ይለቀልቃል፤ መምህሩ ፊደሉን ይጽፋል። አንድ ዓመት መምህሩን ወገቡን አመመውና ብሩሹን ለእኔ ሰጠኝ። ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ የወቀጥነው ጥቁር ቀለም ክንዴ ላይ እየወረደ፣ የማላነበውን ፊደል እንደ ሥዕል ገለበጥኩት።

«አንተ! የምን እጅ ነው ይሄ? ዘንድሮ ትምህርት ቤት አስመዘግብሃለሁ» አለኝ።

«ስሜንም ይጻፉልኝ» አልኩት።

ከፊደሉ ሥር በከሰል ጻፈልኝ። በብሩሽ በላዩ ሄድኩበት።

መጀመሪያ የላይኛው መስመር ላይ ለመድረስ በርሜል ላይ እወጣ ነበር፤ በአራተኛው ዓመት መሬት ቆሜ ደረስኩበት። እጄ ረጋ፣ መስመሬ ቀጠነ። ምዝገባው ግን የለም። «ዘንድሮ ሞልቷል፤ ለከርሞ» ይለኛል። በስድስተኛው ዓመት ዝናብ የማያጥበው የዘይት ቀለም መጣ፤ ስሙን ለመጨረሻ ጊዜ በሱ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ አልፈለጉኝም።

እናቴ በገበያ ቀን ሁሉ ግድግዳው ጋ ትቆማለች። እሷም ፊደል አታውቅም። ስሙን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ትስመውና «ማሻ አላህ፣ የልጄ ስም ነው» ትላለች ላለፈ ላገደመው።

«ኧረ ተይው አንቺ ሴት፣ ኖራ ከንፈርሽን ይልጠዋል!» እያለች ጎረቤታችን ትስቅባታለች።

ማንበብ የሚችል ስንቱ አለፈ። አንድም ሰው አልነገራትም።

ሳውዲ ሄጄ፣ ተባርሬ ተመለስኩ። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ማንበብ እንደቻልኩ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። የመምህሩ ስም ነው። ተማሪዎች ያዩኛል፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ ሽማግሌም አልነበርኩም።

መምህሩን ጡረታ ወጥቶ ሱቅ በረንዳ ላይ አገኘሁት።

«መምህር፣ ምነው?»

«ስምህን እኮ አላውቀውም ነበር። የመጣልኝን ጻፍኩ» አለኝ። ከተቀመጠበት ተነሣና፣ «እናትህ ጋ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት» አለ።

«እዚያ ቤት እግርዎ እንዳይደርስ!»

እናቴ ያን ጊዜ ዓይኗ ደክሟል፤ አልነገርኳትም። እጇን ይዤ እወስዳታለሁ፤ ስሙን በጣቷ እየዳሰሰች ዱዓ ታደርግልኛለች። የሰውየው ስም ላይ፣ ለእኔ። አጠገቧ ቆሜ አሚን እላለሁ።

አዲስ ዳይሬክተር መጣና ግድግዳው ይቀባ አለ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። የምጠላውን ሰው ስም ለማትረፍ አፈር ነካሁ።

«የማን ስም ነው?» አለኝ።

«የኔ ነው።»

መታወቂያ ቢጠይቀኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር። አልጠየቀኝም። ተወልኝ።

እናቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ነጭ ቀለም ገዝቼ ሄድኩ።

«ስምህን ልታጠፋው?» አለኝ ዳይሬክተሩ።

«አዎ» አልኩት።

ሁለት ጊዜ ቀብቼው እየታየ አስቸገረኝ። በሦስተኛው ጠፋ። ቀኑ ኅዳር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር።