ለባሕር እንስላል የተሠራ ደረጃ

በትሩን ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በላይ ባለው ጠረፍ፣ ግንበኛው ናኽሌ የሠራው ግንብ ተሰነጠቀ ሲባል የሰማ ሰው የለም። ይህን ደግሞ ሌላ ሰው እስኪናገርለት አይጠብቅም ነበር። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ፣ «የዚህን ሠሪ እጁን ይባርከው!» ይልና ምርቃቱን ራሱ «አሜን» ብሎ ይቀበላል።

እንዲህ ስንጥቅ የሚጠላ ሰው በየዓመቱ ስንጥቅ ፍለጋ ገደል ይወርዳል። ሚስቱ ዛህያ ገደሉ ላይ የሚበቅለው ባሕር እንስላል ከሌለ ፍልሰታን መጾም አይሆንላትም። ባል ይለቅማል፣ ሚስት በኮምጣጤ ታስቀምጣለች፤ የአገሩ ደንብ ነው። ማሰሮ ይዞ ጎረቤት ልመና መሄድ ውርደት ነው።

ተክሉ ምቾት አይወድም። ዛህያ አንድ ጊዜ ጓሮዋ ተክላ፣ ፍግ አልብሳ፣ ጠዋት ማታ ብታጠጣው በስብሶ ሞተባት። ሥሩን ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ሰድዶ፣ የማዕበል ፍንጣቂ ሲመታው ነው ቅጠሉ ውሃ ቋጥሮ የሚወፍረው። ሙቀቱ ሲበረታ እንደ ድንብላል አበባ ጃንጥላ የመሰለ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ያኔ ቅጠሉ መራራ ይሆናል። ስለዚህ ሳያብብ ይቆረጣል፤ ሥሩን የነቀለን ሰው ግን መንደሩ ሁሉ ያኮርፈዋል።

ናኽሌ አርጅቶ ጉልበቱ ከዳው። «ልጅህ ሚትሪ ይውረድ» ቢሉት፣ «ሚትሪ ባሏ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ዝናቡ ጋብ ሲል ሲሚንቶ አስመጣና ከገደሉ አፍ እስከ ውሃው ድረስ፣ በሠራው ላይ እየተንፏቀቀ ደረጃ ገነባ። ያየውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈነ። የእንስላል ደረቅ ጉቶ ያገኘበትንም «ከዚህ በታች ሞልቷል» እያለ ደፈነው።

ጸደይ ሲገባ ቢላውን ይዞ እንደ ሙሽራ እየተጀነነ ወረደ። ውሃው ጋ ደረሰ። አንድ ቅጠል የለም።

ዓሣ አጥማጁ ጂርዮስ ከጀልባው ላይ አየው።

«የሚትሪ አባት! ደረጃውስ ግሩም ነው፤ የት ነው የሚያደርሰው?»

«ዝም በል አንተ! ዓሣህን አጥምድ!»

«አጠምዳለሁ፤ ባሕሩን ስላልደፈንክብኝ እግዜር ይስጥልኝ!»

ናኽሌ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ አዘነ። ዛህያ ማሰሮዋን ታቅፋ ሰው ደጅ ስትቆም ታየችው። መሮና መዶሻ አምጥቶ የገዛ ደረጃውን ይቀጠቅጥ ጀመር። ብልጭታ ወጣ እንጂ ፍርፋሪ አልወጣም።

ዛህያ ድምፁን ሰምታ ወረደች። ዕድሜዋን ሙሉ ከገደሉ አፍ አልፋ አታውቅም ነበር።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ስንጥቅ ልሠራልሽ ነው።»

ደረጃውን በእግሯ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ንቅንቅ አላለም።

«ትንሽ እንኳ አጭበርብረህ ብትሠራው ምን ነበረበት?»

«አልችልበትማ!» አለ።

ዛህያ አጠገቡ ተቀመጠችና መሮውን በሁለት እጇ ያዘችለት።

«በል ምታ። ዘንድሮ ፍልሰታን ባዶ ምስር እንበላለን።»