ብርድ ልብስ የለበሰው ድስት

ጡረታ የወጣው የቧንቧ ሠራተኛ ቤቱ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ወጥ ቤቱ የእሱ፣ ብስጭቱ የሚስቱ ሆኗል። "አንተ ሰውዬ፣ ሽታው ልብሴ ላይ ቀረ እኮ!" ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቴርሞሜትሩ ላይ ያፈጣል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የተፈጨው ብቅል በትልቁ ድስት ሙቅ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ መብራት ድርግም አለ። ብቅሉ ጣፋጩን እንዲለቅ ለአንድ ሰዓት ስልሳ አምስት ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት፤ ከቀዘቀዘ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ጎረቤት የጋዝ ምድጃ ሊዋስ ሮጠ። ባዶ እጁን ተመለሰ።

ድስቱ ምድጃው ላይ የለም። ሚስቱ እንግዳ እንኳ በማታስነካው ወፍራም ብርድ ልብስ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከፈት አድርጎ ቴርሞሜትሩን ነከረ፤ ስልሳ አራት!

"አንቺ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"ማን ያስተምረኛል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ቧንቧ ፈንድቶ ነው' እያልክ አምሽተህ ስትገባ፣ እራትህ እንዴት ትኩስ ሆኖ የሚጠብቅህ መሰለህ? በዚሁ ብርድ ልብስ ነው!"

አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ድስቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ዘፍ አለና "እግዜር ይስጥልኝ" አላት፤ የሠላሳ ዓመቱን በአንዴ።