ጨዋው ነብርና የአያ ፈንታው ጉልበት

ልጅ ሳለሁ የአያ ፈንታው ጉልበት ሲንቋቋ ተራራው ላይ እስካለው አሸተን ማርያም ገዳም ድረስ ይሰማ ነበር። መነኮሳቱ ደወል የተደወለ መስሏቸው ከበኣታቸው ወጡ የምትል ሴት አለች። ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ ስላወራሁት ግን አሁን እኔም አምኜዋለሁ።

አያ ፈንታው የእናቴ አጎት ናቸው። ቤታቸው ከላሊበላ ወደ አሸተን በሚወስደው አቀበት ወገብ ላይ ያለ ክብ የድንጋይ ቤት ነበር። ያኔ ከብቱ ገብቶ እራት እስኪደርስ ባለችው ጊዜ የመንደሩ ልጆች ሁሉ እዚያ እንሰበሰብና ተረት እንሰማለን። የወይራው ፍም መሃል ቤት፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ፣ ጭሱ ደግሞ መውጫ አጥቶ ዓይናችን ውስጥ። ስንቱን የሚያስቅ ተረት እያለቀስን ሰማነው።

እሳቸው ተቀምጠው ተረት አያወሩም ነበር፤ ቆመው ነው። ጅቡ ካነከሰ ያነክሳሉ፣ ቀበሮዋ ካጎነበሰች ያጎነብሳሉ፣ አንበሳው ከተኮፈሰ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ነፋ አድርገው ይኮፈሳሉ። ጥላቸው ግድግዳው ላይ ወጥቶ ጣሪያውን ሲነካ፣ እኔ በበኩሌ ቤቱ ውስጥ አንበሳ እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ። ያ ጉልበት በወጣትነቱ ማሕሌት ቆሞ ያነጋ፣ ቀን ደግሞ በዚያ ዳገት ድንጋይ ተሸክሞ እርከን የሠራ ጉልበት ነው። እኔ ጉልበት ብሆን ኖሮ በሃያ ዓመቴ ጥዬ እጠፋ ነበር።

አንድ ሰሞን የጀመሩልን ስለ አንዲት አሮጊት ጭላዳ ዝንጀሮ ነበር። ጭላዳ መቼም ሲመሽ ገደል ወርዶ፣ ጠላት በማይደርስበት ጥርብ፣ በገደሉ ወገብ ባለ ጠባብ ድንጋይ ላይ ነው የሚያድረው። አሮጊቷ ግን ጉልበቷ ከድቷት መንጋው ሁሉ ሲወርድ ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ነብር መጣ። አያ ፈንታው ነብሩን ሊሆኑ በርከክ አሉ፣ አንድ እጃቸውን ወደኛ ዘረጉ፣ እንደዚያው ቀሩ።

ጠበቅን። ነብሩ አልተነሳም። እኛ የተረቱ ክፍል መስሎን በሳቅ ሞትን፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሳቅኩ። ፊታቸው ላይ ያለውን ላብ ያየችው እናቴ ናት። ከጎረቤቷ ጋር ሆነው በብብታቸው ደግፈው አነሷቸውና መደቡ ላይ አስቀመጧቸው።

«ጭላዳዋስ?» አልኩ፤ አላፍርም።

«ቆሜ እነግራችኋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ አከበራቸው። ክብር እንዴት እንደሚጎዳ ያየሁት ያኔ ነው። በኛ አገር እንግዳ ሲገባ የተቀመጠ ሰው «ኖር» ብሎ ይነሳል፤ እንግዳውም «በእግዜር» ይላል። አያ ፈንታው ደግሞ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ድመት ብትገባም ብድግ የሚሉ ናቸው። አሁን ግን ገና ወገባቸውን ሲያላውሱ ደጅ ያለው ሁሉ በአንድ አፍ «አይነሱ! በሞቴ አይነሱ!» ይላል። ወጌሻው መጥቶ ሁለቱንም ጉልበት በጨርቅ ጠፍሮ እንዳያንቀሳቅሷቸው ነገራቸው። ውሃ ሰው ያመጣላቸዋል፣ ምርኩዛቸውን ሰው ያነሳላቸዋል፣ ደጅ ለመውጣት ሁለት ሰው ይሸከማቸዋል። ሰውነታቸው ከወገብ በላይ ያው አያ ፈንታው፤ ከወገብ በታች ግን ጭናቸው ከስቶ የጠላ ማማሰያ አክሎ ቀረ።

ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ መምጣት ተዉ። እኔ ግን አልተውኩም፤ ጭላዳዋ ገደል አፍ ላይ እንዳለች እንዴት ልተኛ? በየምሽቱ ሄጄ እጠይቃለሁ።

«አያ፣ ተበላች?»

«አልኩሽ እኮ። ነብር ተቀምጦ አይተረትም።»

አንድ ምሽት ግን ፍሙን እያዩ ቆዩና «እንግዲህ ሳልቆም እንዳልቀር እፈራለሁ፣ ልጄ» አሉ። ከተረቱ ጋር ሰውየውም ገደል አፍ ላይ እንዳሉ ገባኝ።

ሕፃናት ልትከትብ የመጣች ነርስ መንደራችን የዋለችው በዚያ ሰሞን ነው። እናቴ እየጎተተች አመጣቻት። ነርሷ በሩን ዝቅ ብላ ስትገባ አያ ፈንታው እንደ ልማዳቸው «ኖር» ብለው ተላወሱ። እኛም እንደ ልማዳችን «አይነሱ!» አልን።

«ተዉዋቸው፣ ይነሱ» አለች ነርሷ። «አነሳሳቸውን ልይ።»

ፍሙ እንኳ መንጣጣት አቆመ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የማን ልጅ ናት ይቺ፣ ያላሳደጓት?» አለች።

ነርሷ ግን ሳትቸኩል የወጌሻውን ጨርቅ ፈታች፣ ጉልበታቸውን ዳሰሰች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። ጉልበቱም ቋ አለ። «አባቴ» አለች፣ «አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ላይ እንዳይፋጩ የሚያደርግ ለስላሳ ነገር አለ። የእርስዎ በዕድሜና በሥራ ሳስቷል። እሱን አዲስ አድርጌ አልሰጥዎትም። ግን ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው፤ እሱን ያሟሟው መቀመጡ ነው።»

«ማረፉ አይደል እንዴ የሚሻለው?» አለች እናቴ።

«ሲያብጥና ሲግል ይረፉ። ሁልጊዜ ካረፈ ግን ይደርቃል።»

ከዚያ ትእዛዙን አወረደችው። ከዝቅተኛ በርጩማ መነሳት ጉልበት ስለሚጎዳ መቀመጫው ከፍ ይበል። ምርኩዙን በጣም ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዙ። ጠዋት ሲደርቅ ሞቅ ባለ ጨርቅ ይያዙት። ክኒን ከሱቅ በዘፈቀደ አይግዙ፣ እህል ሳይቀምሱም አይዋጡ። ስለ ውፍረትም ልትናገር ጀምራ፣ አየቻቸውና ተወችው። በመጨረሻ «ጠዋት አሥር ጊዜ፣ ማታ አሥር ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ። በትንሽ ይጀምሩ» አለች።

«አሥር ጊዜ? ለማን?» አሉ አያ ፈንታው።

«ለራስዎ ነዋ።»

«ለራሱ የሚነሳ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው የሚነሳው ለሰው ነው።»

ነርሷ ስቃ ሄደች። እሳቸውም የምራቸውን ነበር፤ በማግስቱ አልተነሱም፣ በሠልስቱም አልተነሱም። ባዶ በር እያዩ ብድግ ማለት እብደት መሰላቸው። እናቴና ጎረቤቷም ልምድ ሆኖባቸው ሲገቡ «አይነሱ» ማለታቸውን አልተዉም።

ለጉልበታቸው የጠፋው እንግዳ ከሆነ፣ እንግዳ መሆን ማን ይከለክለኛል? የእናቴን ነጠላ ራሴ ላይ ጠምጥሜ፣ ማማሰያ እንደ መስቀል ይዤ፣ ሆዴን ነፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። «እንደምን አመሻችሁ» አልኩ በመንደራችን ቄስ ድምፅ፣ በአፍንጫ።

አያ ፈንታው አዩኝ። አዲሱን ከፍ ያለ አግዳሚ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ቋ! ብለው ተነሱ። «ኖር፣ አባቴ።»

«በእግዜር» አልኩ። አይነሱ ግን አላልኩም።

ወጥቼ ዳኛ ሆኜ ተመለስኩ። ቀጥሎ አማት ሆኜ፣ ቤቱን በዓይኔ ገላምጬ። የመጀመሪያው ቀን በሦስት እንግዳ አበቃ። ከዚያ አራት፣ ከዚያ አምስት። ፈረንጅ ሆኜ ስገባ የበሩ ጉበን ግንባሬን ገጨኝ፤ ፈረንጁ «በእግዜር» ማለት ስለማያውቅ ፎቶ አነሳቸው። አንድ ቀን ጠግበው ያለ ልክ ተነሱና ጉልበታቸው አብጦ አደረ። ነርሷ ለክትባቱ ዳግም ስትመጣ «እንግዳ ቀንሺ» አለችኝና ቀነስኩ። ሲሻላቸው ጨመርኩ። ከአሥር ሲደርስ የመንደሩ ሰው አልቆብኝ የአህያ ነጋዴውንም አህያውንም ሆንኩ፤ ለአህያውም ተነሱ።

መንደሩ ግን አልወደደውም። ሽማግሌ እንደ ወታደር የምታስነሳ የምታስቀምጥ፣ አሉኝ። እናቴ አንድ ምሽት አርጩሜ ይዛ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ተያት» አሉ አያ ፈንታው ከውስጥ። «ገና ሰባት እንግዳ ይቀረኛል።»

ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ፣ በሜዳው በኩል ምርኩዛቸውን ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ። ልጆቹን ጥሪ አሉኝ። ያን ምሽት የአያ ፈንታው ቤት ሞላ፣ ጭሱም ሞላ፣ እናቴም ነርሷን የሰደበችበትን አፏን ይዛ ጥግ ተቀመጠች።

አያ ፈንታው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጭላዳዋን ሆኑ። ነብሩ መጣ አሉ። ነብሩ ግን ጨዋ፣ የላስታ ሰው ያሳደገው ነብር ነበር። አሮጊቷ ስታየው «ኖር» ብላ ልትነሳለት ሞከረች። ነብሩም «በእግዜር፣ አይነሱ» አላት። «ኧረ እነሳለሁ፣ እንግዳ አይደለህ?» «በሞቴ አይነሱ!» «በሞትህማ አልቀመጥም!» አያ ፈንታው ብድግ ይላሉ፣ ነብሩ አይነሱ ይላቸዋል፣ ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ብድግ ይላሉ። እኛ በሳቅ ውስጥ ሆነን ቆጠርን። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አሮጊቷም በተነሳች ቁጥር አንድ ስንዝር ወደ ገደሉ ትጠጋ ነበር። በአሥረኛው ቀጥ ብላ ቆመች። ነብሩ ከክብር የተነሳ ዓይኑን ዝቅ ባደረገበት፣ ጥርቡን ይዛ ወደ ልጆቿ ወረደች። ነብሩም ጦሙን አደረ።

አያ ፈንታው ቆመው ቀሩ። ጥላቸው ጣሪያውን ነካ። እናቴ ያኔ ያለቀሰችውን ልቅሶ ጭሱ ነው አለች።

ጉልበታቸው አልዳነም፤ ውሸት ብወድም ይኼን አልዋሽም። እስከ መጨረሻቸው ሲንቋቋ ኖረ፣ ብርድ ሲመጣም ያሰቃያቸው ነበር። አሸተንንም አልወጡም፤ ከመጨረሻው ዳገት ግርጌ ሆነው ተሳልመው ይመለሱ ነበር። ግን በራሳቸው እግር ሄደው፣ በራሳቸው እግር ይመለሱ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ስታጠና ከጎኗ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ሠርግ ሲኖር «አስቂን» ብለው ይጠሩኛል፤ ለዚያች ሥራ የበቃሁት በአያ ፈንታው በር ላይ ነው። እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፤ ጉልበታቸው እንጀራዬ ሆነ።

አሁን የእናቴ ጉልበት ተራውን ይዟል። ማታ ማታ ባጃጅ ነጂ ሆኜ፣ አስጎብኚ ሆኜ፣ ስልክ የጠፋበት ሙሽራ ሆኜ በሯ ላይ እቆማለሁ። «ኖር» ትላለች፣ ጉልበቷ ቋ ይላል፣ ፊቷ ሲጨማደድ አያለሁ። ያኔ ልጅ ሆኜ ያልገባኝ አሁን ገባኝ፦ «አይነሱ» የሚሉት ሁሉ ይወዷቸው ነበር። «አይነሺ እማ» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ ትመጣለች። ዋጥ አደርጋታለሁ።

ትናንት ዘጠነኛው እንግዳ ሆኜ ገብቼ ልወጣ ስል ጠራችኝ። ቆማለች፣ አግዳሚውን አልያዘችም።

«አሥረኛው የት አለ?» አለችኝ። «ነብሩን አስገቢው እንጂ፣ ቆሜ እየጠበቅሁት ነው።»